ግሬናዳ በኦሊምፒክ፦ ገውዝ፣ አንድ ዙር ሩጫ እና አምስት ሜዳሊያ

ግሬናዳን ካርታ ላይ ለማግኘት ዓይን ማጥበብ ያስፈልጋል። ከትሪኒዳድ በስተሰሜን፣ ካሪቢያን ባሕር ላይ ጠብ ያለች ደሴት ናት። ካሪያኩና ፔቲት ማርቲኒክ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ደሴቶችም አብረዋት አሉ። ሁሉም ተደምሮ 344 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ብቻዋን ትበልጣታለች። ሕዝቧም ከ120 ሺህ ብዙ አይርቅም። ታዲያ ይቺው አገር በኦሊምፒክ 1 ወርቅ፣ 1 ብር እና 3 ነሐስ አላት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፣ እንዳያምታታችሁ።)

ባንዲራዋን መጀመሪያ ያየ ሐበሻ ቆም ብሎ ደግሞ ማየቱ አይቀርም፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። ዳር ላይ ያለችው ትንሽ ፍሬ ገውዝ ናት። አዎ፣ ያው ከቅመም ተራ የምንገዛው ገውዝ። አገሪቱ "የቅመም ደሴት" የምትባለውም በሱ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ገውዝ ለዓለም በመላክ ከኢንዶኔዥያ ቀጥላ ትጠራ ነበር።

ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችው በየካቲት 1974 ነው፣ ኦሊምፒክ ለመግባት ግን አሥር ዓመት ፈጅቶባታል። በመካከሉ ብዙ ነገር ሆኗል። በ1979 አብዮት፣ በጥቅምት 1983 የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሞሪስ ቢሾፕ መገደል፣ ከዚያ በቀናት ውስጥ ደግሞ የአሜሪካ ጦር። ወታደሮቹ ባሕር ዳርቻው ላይ ካረፉ ከዘጠኝ ወር በኋላ የግሬናዳ ልዑክ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ተሰለፈ። የት መሰላችሁ? ሎስ አንጀለስ። የሚገርም አጋጣሚ ነው። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ከሶቪየት ጎራ ጋር ሆና ውድድሩን ስለረገጠች የኛና የነሱ ልጆች አልተያዩም። ግሬናዳ ውስጥ አየር ማረፊያ ስትሠራ የነበረችው ኩባም ቀርታለች።

ከዚያ በኋላ ለ28 ዓመት ሜዳሊያ የለም። ሄዶ፣ ሰንደቅ ይዞ ዞሮ፣ መጀመሪያው ማጣሪያ ላይ ወድቆ መመለስ ነበር። ለብዙ ትንንሽ አገሮች ኦሊምፒክ ማለት ይኼው ነው፣ ማፈሪያም አይደለም።

በሩን ገፋ ያደረገው አሌይን ፍራንሲክ ነው። የ400 ሜትር ሯጭ ነው፤ በ2004 ቡዳፔስት ላይ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2006 ሞስኮ ላይ ደገመው። አቴንስ 2004 ላይ ግን በ44.66 አራተኛ ወጣ። ከፊቱ የገቡት ሦስቱም አሜሪካውያን ነበሩ። አራተኛነት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ስፖርት የሚከታተል ሰው ያውቀዋል። ሁለት ሳምንት ገደማ እንዳለፈ ደግሞ አይቫን የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን መታት። ከአሥር ቤት ዘጠኙ ተጎዳ፣ የገውዝ ዛፎቹም ከሥራቸው ተነቀሉ። ገውዝ ተተክሎ ደህና ምርት እስኪሰጥ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፣ ስለዚህ የብዙ ገበሬ ኑሮ በአንድ ቀን ሄደ ማለት ነው። ብሔራዊ ስታዲየሙም አልተረፈም። በቻይና እርዳታ አዲስ የክሪኬት ስታዲየም ተሠራና በ2007 ምረቃው ላይ ባንዱ የቻይናን መዝሙር ትቶ የታይዋንን ነፋው! አምባሳደሩ ፊት። ከስፖርቱ ጋር ባይገናኝም ሳልጠቅሰው ማለፍ አልቻልኩም።

አሁን ወደ ጉያቭ እንሂድ። በምዕራብ ጠረፍ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት፤ ዓርብ ማታ መንገዱ ሁሉ የዓሣ ጥብስ ገበያ ይሆናል። ኪራኒ ጄምስ በ1992 የተወለደው እዚያ ነው። ልጁ ገና በ15 ዓመቱ፣ ከሱ ትልልቅ ልጆች ጋር ተሰልፎ፣ በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ብር አመጣ። በ18 ዓመቱ ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ላይ አሜሪካዊውን ላሾን ሜሪትን በ3 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ የአዋቂዎች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ለንደን 2012 ነሐሴ 5 ማታ፣ ግማሽ ፍጻሜ። ኪራኒ ምድቡን አሸንፎ ገባ። በዚያው ምድብ በሁለት ሰው ሠራሽ እግር የሚሮጠው ደቡብ አፍሪካዊው ኦስካር ፒስቶሪየስ መጨረሻ ወጥቶ ነበር። ሌላው ሯጭ ወደ ካሜራው ይሄዳል። የ19 ዓመቱ ልጅ ግን ዞሮ ወደ ፒስቶሪየስ ሄደ፣ ደረቱ ላይ የነበረችውን ስሙ የተጻፈባትን ወረቀት ፈታና "ያንተን ስጠኝ" አለው። ተለዋወጡ፣ ተቃቀፉ። የፒስቶሪየስ የኋላ ታሪክ ሌላ ነው፣ እሱን እንተወው። ያቺን ቅጽበት ግን ያየ ሰው አይረሳትም።

በማግስቱ ፍጻሜው ሆነ። ከ1984 ጀምሮ በተከታታይ ሰባት ኦሊምፒክ የ400 ሜትር ወርቅን የወሰዱት አሜሪካውያን ነበሩ፣ በዚያ ምሽት ግን ፍጻሜው ላይ አንድም አሜሪካዊ አልነበረም። ሜሪት ማጣሪያው ላይ ተጎድቶ ወጥቷል። ያም ሆኖ "ሜዳው ባዶ ስለሆነ ነው ያሸነፈው" ማለት አይቻልም፤ ኪራኒ የገባበት 43.94 ከ44 ሰከንድ በታች በመግባት ከአሜሪካውያን ውጭ የመጀመሪያው ነበር። ሁለተኛውን በግማሽ ሰከንድ በለጠው። በዚህ ርቀት ግማሽ ሰከንድ ሰፈር ነው። ግሬናዳ ውስጥ መንግሥት ከቀትር በኋላ ሥራ የለም ብሎ አወጀ። እውነቱን ለመናገር ባያውጅም ቢሮ የሚቀመጥ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። ዛሬ በዋና ከተማዋ በሴንት ጆርጅስ ያለው የአትሌቲክስ ስታዲየም በስሙ ይጠራል።

ሪዮ 2016 ላይ በ43.76 ሮጠ፤ ለንደን ላይ ወርቅ ካገኘበት ሰዓት የፈጠነ ነው። ግን ደቡብ አፍሪካዊው ዌይድ ቫን ኒከርክ በስምንተኛው መስመር 43.03 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ኪራኒ ብር። ከዚያ የታይሮይድ ሕመም መጣና ከውድድር አራቀው። ብዙዎች አበቃለት ብለው ነበር። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ነሐስ ይዞ ብቅ አለ። በ400 ሜትር ሦስት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያለው የመጀመሪያው ወንድ እሱ ነው፣ ደግሞ ከየቀለሙ አንድ አንድ። ፓሪስ 2024 ላይ በ43.87 አምስተኛ ወጣ። ለንደን ላይ ወርቅ ያስገኘው ሰዓት አሁን አምስተኛም አያደርግም ማለት ነው።

እስካሁን ሁሉ ነገር 400 ሜትር ይመስላል፣ ግን አይደለም። ሌሎቹ ሁለት ባለ ሜዳሊያዎች የመጡት ማንም ከካሪቢያን በማይጠብቀው ስፖርት ነው። አንደርሰን ፒተርስ ጦር ወርዋሪ ነው። ጦር ውርወራ ለብዙ ዘመን የፊንላንድ፣ የጀርመንና የቼክ ቤት ነበር። ፒተርስ በ2019 ዶሃ ላይ፣ በ2022 ደግሞ ዩጂን ላይ በ90.54 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ወርቁን በተከታታይ ያስጠበቀ ከቼኩ ዤሌዥኒ ቀጥሎ ሁለተኛው ሰው ነው። በ2022 ግንቦት ላይም 93.07 ሜትር ወርውሯል። ያ ዓመት ግን መራራ ነገርም ነበረው። ከበርሚንግሃም የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ብር ይዞ እንደተመለሰ፣ እዚያው አገሩ አንድ የመዝናኛ መርከብ ላይ ተደብድቦ ባሕር ውስጥ ተጣለ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ።

ሊንደን ቪክተር ደግሞ ዴካትሎን ነው፦ በሁለት ቀን አሥር ውድድር። ወንድሙ ከርት ፊሊክስም ያው ነው፤ ግላስጎው 2014 በኮመንዌልዝ ነሐስ አግኝቷል። በዚያው ውድድር ኪራኒ በ400 ሜትር ወርቅ ወሰደ። ቪክተር የወንድሙን ነሐስ ወደ ወርቅ ለወጠው፣ ጎልድ ኮስት 2018 አንዴ፣ በርሚንግሃም 2022 ሌላ።

ይኼ ሁሉ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ምንጩ ትምህርት ቤት ነው። ኢንተርኮል የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአትሌቲክስ ውድድር አላቸው፤ ተማሪው በትምህርት ቤቱ ቀለም ለብሶ፣ ከበሮ እየመታ ስታዲየም ይሞላል፣ የኛ ደርቢ በሉት። እዚያ የታየ ልጅ በፋሲካ ሰሞን ወደ ካሪፍታ ይሄዳል። ካሪፍታ ከ1972 ጀምሮ የካሪቢያን ታዳጊዎች የሚገናኙበት ነው፤ የጃማይካን ልጅ የቻለ ማንንም ይችላል። ቀጥሎ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኪራኒ አላባማ፣ ፒተርስ ሚሲሲፒ ስቴት፣ ቪክተር ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም። የትምህርት ክፍያውን፣ አሠልጣኙን፣ ጂሙን ዩኒቨርሲቲው ይሸፍናል። ለ120 ሺህ ሰው አገር ከዚህ የተሻለ መንገድ ያለ አይመስለኝም፣ ምንም እንኳ የሻምፒዮኖቿን ግማሽ ሥራ ሰው አገር ቢሠራላትም።

ፓሪስ 2024 ሊጀመር አንድ ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 1 ቀን፣ ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ካሪያኩን አፈራረሳት። ጣሪያ የቀረለት ቤት ጥቂት ነበር። ወደ ፓሪስ የሄዱት ስድስት ስፖርተኞች ናቸው። ቪክተር በ8,711 ነጥብ ነሐስ አገኘ፤ ከቀናት በኋላ ፒተርስ በ88.54 ሜትር ሌላ ነሐስ ጨመረ። ያን ምሽት ፓኪስታናዊው አርሻድ ናዲም 92.97 ወርውሮ ሁሉንም ሰው አፍ አስይዟል። ሜዳሊያ ለሕዝብ ቁጥር ሲካፈል ግን ከዓለም አንደኛ የወጣችው ግሬናዳ ናት። ይቺ ስሌት ትንሽ ማጭበርበር አለባት፣ አንድ ጎበዝ ልጅ ሠንጠረዡን ይገለብጠዋል። ቢሆንም ስድስት ልኮ ሁለት ሜዳሊያ ይዞ መመለስ በየትኛውም ስሌት ቀላል አይደለም።

በመስከረም 2025 ቶኪዮ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ፒተርስ ብር ነበር። ወርቁን የወሰደው ትሪኒዳዳዊው ኬሾርን ዋልኮት ነው። በሁለቱ ደሴቶች መካከል ያለው ባሕር ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ደርሶ ትንሽ አለፍ እንደማለት ነው።