ኢንፊልትሬሽን ምንድን ነው?

በደም ሥር እንዲሰጥ የታዘዘ ፈሳሽ ወይም መድኃኒት ከደም ሥሩ ወጥቶ በዙሪያው ባለው ሥጋና ከቆዳ በታች ሲጠራቀም ኢንፊልትሬሽን ይባላል። የወጣው መድኃኒት ሥጋን የሚያቆስልና የሚያበላሽ ዓይነት ከሆነ ግን ችግሩ ኤክስትራቫዜሽን ተብሎ ተለይቶ ይጠራል፤ አያያዙም ይለያል። የሁለቱም አነሣሥ አንድ ነው፦ የካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ጫፍ ከደም ሥሩ ይንሸራተታል፣ ወይም ግድግዳውን በስቶ ያልፋል፣ አለዚያም ግድግዳው በመድኃኒቱ ተጎድቶ ማሾለክ ይጀምራል። ክንድ ወይም የእጅ አንጓ በሚታጠፍበት ቦታ የገባና በፕላስተር በደንብ ያልተያዘ ካኑላ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

አስታማሚዎች ነርስ ከሚጠሩባቸው ምክንያቶች አንዱ «ግሉኮሱ ቆመ» የሚለው ነው፤ የተሰቀለው ስኳር የሌለበት የጨው ፈሳሽ፣ ማለትም ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ቢሆንም እንኳ። አንዳንዱ አስታማሚ ነርስ ሳይጠብቅ የጠብታውን ፍጥነት መቆጣጠሪያ ራሱ ከፍ ያደርገዋል። ይህ ከቅን ልብ የሚደረግ ቢሆንም፣ ጠብታው የዘገየው ፈሳሹ ሥጋ ውስጥ ተጠራቅሞ መሄጃ በማጣቱ ከሆነ እብጠቱን ከማባባስ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። አንድ ሺህ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዞ፣ አንዱን ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ በሚያወርድ ቱቦ ሲሰጥ በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ ይሆናል። ነርሷ ቆይታ ስትቆጥር 25 ብታገኝ፣ መቆጣጠሪያውን ከመንካቷ በፊት ማየት ያለባት የታካሚውን ክንድ ነው።

ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። ኢንፊልትሬሽን የገጠመው እጅ ያብጣል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ ይገረጣል፤ የገባው ፈሳሽ ከሰውነት ሙቀት የቀዘቀዘ ስለሆነም ሲዳሰስ ይቀዘቅዛል። የደም ሥር መቆጣት ማለትም ፍሌባይተስ ግን ብዙውን ጊዜ በደም ሥሩ መሥመር ቀልቶ ይታያል፣ ይሞቃል፣ ሲብስም ደም ሥሩ እንደ ገመድ ጠንክሮ ይዳሰሳል። ከካኑላው ጫፍ በላይ፣ ወደ ልብ በሚወስደው በኩል ደም ሥሩ ተጭኖ ጠብታው ሳይቆም ከቀጠለ፣ ፈሳሹ ወደ ደም ሥሩ እየገባ አይደለም ብሎ መጠርጠር ይገባል። በአንጻሩ ደም ወደ ቱቦው መመለሱ ብቻውን ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ የካኑላው ጫፍ በከፊል ውስጥ፣ በከፊል ውጭ ሆኖም ደም ሊመለስ ይችላል። ፈሳሹ በፓምፕ የሚሰጥ ከሆነም በማንቂያ ደወሉ መተማመን አይበጅም፤ ማሽኑ ሥጋ ውስጥም ቢሆን መግፋቱን ሊቀጥል ይችላልና።

ሕመሙን መናገር የሚችል አዋቂ ታካሚ ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ፣ በጽኑ የታመመ ወይም ማደንዘዣ የተሰጠው በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ፣ ሕፃናት ደግሞ በየሰዓቱ ቢታዩ ይመከራል። ሕፃናት ላይ አደጋውን የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ ራሱ መጠቅለያው ነው፤ ካኑላው እንዳይነቀል ተብሎ እጁ እስከ ጣቱ ጫፍ በፋሻ ሲጠቀለል እብጠቱን የሚያየው አይኖርም። ካኑላው የገባበት ቦታና ጣቶቹ መታየት አለባቸው።

እብጠት ሲገኝ የመጀመሪያው ሥራ ፈሳሹን ማቆም ነው። የወጣው ኖርማል ሳላይን ብቻ ከሆነ ካኑላው ይነቀላል፣ ክንዱ በትራስ ከፍ ይደረጋል፣ እብጠቱም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይቀንሳል። 40 በመቶ ዴክስትሮስ (የስኳር ፈሳሽ)፣ ካልሲየም ግሉኮኔት፣ የደም ግፊት ከፍ የሚያደርገው ኖርአድሬናሊን ወይም እንደ ዶክሶሩቢሲን ያለ የካንሰር መድኃኒት ከሆነ ግን ካኑላው ወዲያው አይነቀልም፤ ቱቦው ብቻ ተለይቶ የቀረው መድኃኒት በትንሽ ሲሪንጅ ቀስ ተብሎ ይሳባል፣ ካኑላው ፈሳሽ ተገፍቶበት አይታጠብም፣ ቦታው አይታሽም፣ ሐኪምም በአስቸኳይ ይጠራል። ሙቅ ወይስ ቀዝቃዛ ነገር ይደረግበት የሚለውን የሚወስነው መድኃኒቱ ነው፦ ለዶክሶሩቢሲን ቀዝቃዛ፣ ለሌላው የካንሰር መድኃኒት ለቪንክሪስቲን ሙቅ ይደረጋል፤ ማገላበጡ ጉዳት አለው። ጣቶች ከደነዘዙ፣ ወይም ሲንቀሳቀሱ ከእብጠቱ ጋር የማይመጣጠን ከባድ ሕመም ካለ፣ በውስጥ የጨመረው ግፊት የደም ዝውውርን እያገደ ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

የእብጠቱ ዳርቻ ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ ተከብቦ ሰዓቱ ቢጻፍ፣ ተረኛ ሲቀየር መስፋት አለመስፋቱ ያለ ክርክር ይለያል። አዲሱ ካኑላ በሌላው ክንድ ይገባል። የመድኃኒቱ ስም፣ የወጣው መጠን ግምትና የተደረገው ሁሉ በታካሚው ካርድ ላይ ይመዘገባል። በካንሰር መድኃኒት የተጎዳ ቆዳ በመጀመሪያው ቀን ደህና መስሎ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊቆስል ስለሚችል፣ ታካሚው ወደ ቤቱ ሲሸኝ ቦታው ከጠቆረ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም ሕመሙ ከጨመረ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ እንዲመለስ ይነገረዋል።