ቴሉሪየም ከአዮዲን ለምን ይቀድማል?

አዳማ ውስጥ ኬሚስትሪ የሚያስጠና ሰው ይህ ጥያቄ ሳይገጥመው አይቀርም፦ «የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ (ፔሪዮዲክ ቴብል) ከቀላል ወደ ከባድ ከሄደ፣ 127.6 የሚመዝነው ቴሉሪየም 126.9 ከሚመዝነው አዮዲን በፊት ምን ያደርጋል?»

ሰንጠረዡ በክብደት አልተደረደረም። ተራውን የሚወስነው አቶሚክ ቁጥር፣ ማለትም ኒውክለሱ (የአቶሙ እምብርት) ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች ብዛት ነው፤ ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። ክብደት ላይ ግን እዚያው ኒውክለሱ ውስጥ ያሉት ኒውትሮኖችም ይገባሉ። በተፈጥሮ የሚገኘው ቴሉሪየም አብዛኛው ኒውትሮን የበዛበት ስለሆነ አማካዩ ከፍ ይላል። አርጎንና ፖታሲየምም እንዲሁ ናቸው፤ ከባዱ አርጎን ይቀድማል።

ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ በ1869 እ.ኤ.አ. ንጥረ ነገሮቹን ሲደረድራቸው ፕሮቶን ገና አይታወቅም ነበር። ጠባዩን አይቶ ግን አዮዲንን ከነክሎሪን ጋር መደበው፤ የቴሉሪየም ክብደት በስህተት ተለክቷል ብሎም ጠረጠረ። ልኬቱ ደህና ነበር፤ ምደባውም እንዲሁ (ደፋር ሰው ነው!)። የአቶሚክ ቁጥርን ትርጉም በኤክስሬይ ያሳየው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ተመራማሪ ሞዝሊ ነው፣ በ1913 እ.ኤ.አ.።

አዮዲንና ክሎሪን ያሉበት ዓምድ አናት ላይ ያለውን ፍሎሪን የወንጂ ሰው ከጉድጓድ ውሃ ያውቀዋል፤ ሲበዛ ጥርስ ያበልዛል። አዮዲኑ ደግሞ የጨው ፓኬት ላይ ተጽፏል። ሁለቱም በውጭኛው ምህዋራቸው 7 ኤሌክትሮን አላቸው፤ አንድ ዓምድ ያስገባቸውም ይኸው ነው።