አርት ቴራፒ ምንድን ነው? "ምን ሆነሽ ነው?" ሲባል መልስ ላጣ ሰው

የድሬዳዋን ከሰዓት የኖረበት ያውቀዋል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ይፈልጋል፣ ሰው ቬንትሌተር ሥር ይጋደማል። ሳቢያን ባለው ቤታችን እኔም እጋደም ነበር። ልዩነቱ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ሲነሳ እኔ አልነሳም። እህቴ በሩ ላይ ቆማ "ምን ሆነሽ ነው አቦ?" ትለኛለች። "ምንም።" እናቴ ቡና አፍልታ ትጠራኛለች። "ደህና ነኝ እማ፣ ትንሽ ደብሮኝ ነው።"

ልደብቃቸው ፈልጌ አልነበረም። ቃል አጥቼ ነው። "ደበረኝ" የሚለውን ቃል መብራት ሲጠፋም፣ ፊልሙ ሲያስጠላም፣ ቀጠሮ ሲሰረዝም ብለን ብለን ጨርሰነዋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ ልብ ሲከብድ፣ የሚወዱት ነገር ጣዕም ሲያጣ፣ እንቅልፍና ምግብ ሲዛባ ግን ሐኪሞች ሌላ ስም አላቸው። ድባቴ ይሉታል። ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ280 ሚሊዮን በላይ ሰው አለበት። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ቬንትሌተር ብቻ ነበር።

አንድ ቀን የእህቴን ደብተር ከጀርባው ገልብጬ በሰማያዊ ቢክ ሣልኩት። ሦስት ክንፍ፣ መሃሉ ላይ ክብ። በማግስቱም ሣልኩት። በሦስተኛውም ቀን። እየቆየ ክንፎቹ ረዘሙ፣ ወፈሩ። ክፍሉ ጠበበ። አልጋው የክብሪት ቀፎ አከለ። መጨረሻ አካባቢ ያሉት ገጾች ላይ ቢኩን ከመጫኔ ብዛት ወረቀቱ ተቀዷል።

ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል የሄድኩ ቀን እናቴ ሳትነግረኝ ደብተሩን በቦርሳዋ ይዛ መጣች። የተቀበለችን ነርስ ገጾቹን ቀስ ብላ ገለበጠቻቸው። ምን ሆንሽ አላለችኝም። አንዱን ገጽ ወደ እኔ አዙራ፣ ጣቷን ክንፉ ላይ አድርጋ፣ "ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ። ለዚህኛው መልስ ነበረኝ። "ሊወድቅብኝ ነው" አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ አወራሁ።

ያቺ ነርስ የአርት ቴራፒ ባለሙያ አልነበረችም። የጠየቀችኝ ጥያቄ ግን የአርት ቴራፒ እምብርት ነው።

አርት ቴራፒ፣ በአማርኛ የሥነ ጥበብ ሕክምና፣ ሰው በአፉ ሊያወጣው ያልቻለውን ስሜት በሥዕል፣ በጭቃ፣ በተቆራረጠ ወረቀት ወይም በጨርቅ የሚያወጣበት የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ብቻውን ሳይሆን የሠለጠነ ባለሙያ አብሮት ተቀምጦ። ጭንቀቱ ሆድ ውስጥ ሳለ ሰውየውና ጭንቀቱ አንድ ናቸው፤ የትኛው የቱ እንደሆነ አይለይም። ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን በመካከላቸው የአንድ ክንድ ያህል ርቀት ይፈጠራል። ያኔ ያዩታል። ሌላ ሰውም ከጎን ሆኖ ያየዋል። ስለ ራስ ማውራት ለሚከብደው ሰው ስለ አንድ ክንፍ ማውራት ይቀላል።

ስሙ የወጣው ሆስፒታል ውስጥ ነው። አድሪያን ሂል የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ተኝቶ ሳለ አልጋው ላይ መሣል ጀመረ። ሲሻለው ለሌሎቹ ሕመምተኞችም ማሣል ያዘ። ቃሉን የተጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። በዚያው አሥር ዓመት አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ናውምበርግ ከሥነ ልቦና ሕክምና ጋር አዋሃደችው። ዛሬ በእንግሊዝና በአሜሪካ ማስተርስ የሚጠይቅ ሙያ ነው።

ሁለት ነገር ሰው ሲሳሳት አያለሁ። አንዱ "እኔ መሣል አልችልም" የሚለው ነው። ችሎታ አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 39 አዋቂዎች ለ45 ደቂቃ ያሻቸውን ሠሩ። ከየአራቱ ሰው የሦስቱ ያህል ምራቃቸው ውስጥ ኮርቲሶል የሚባለው የውጥረት ሆርሞን ቀነሰ። የመሣል ልምድ ያለውና የሌለው ልዩነት አልነበራቸውም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ድባቴን ይፈውሳል የሚልም አይደለም። ለ"አልችልም" ግን ጥሩ መልስ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። ሥዕል እንደ ስኒ አተላ አይነበብም። ጥቁር ከለር የተጠቀመ ሁሉ አዝኗል፣ ቀይ የቀባ ተቆጥቷል ማለት አይደለም። የእኔን ቬንትሌተር ሌላ ሰው ቢያየው "የድሬ ሰው አይደለች፣ ንፋስ አምሯት ነው" ሊል ይችላል። ትርጉሙን የሚያውቀው የሣለው ሰው ነው። ባለሙያው ይጠይቃል እንጂ አይተነብይም።

"የፈረንጅ ነገር ነው" ለሚሉኝ ደግሞ አገራችንን አሳያቸዋለሁ። "ሆድ ይፍጀው" ያለው ሕዝብ ያንኑ ሆዱን የሚያስተነፍስበት እንጉርጉሮ አለው። እናቶቻችን ማንም ፊት የማይናገሩትን ወፍጮ ላይ በዜማ ያወጡት ነበር። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት ስትገቡ ወለሉና መደቡ ቀይ ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ እንደሆነ ሲነገር ሰምቻለሁ። ልጅ ሆኜ እዚያ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ስበላ ሐዘን ላይ መቀመጤን አላውቅም ነበር። ከድሬዳዋ በቅርብ ርቀት ደግሞ ፖርክ ኤፒክ የተባለው ዋሻ አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ተመራማሪዎች እዚያ 40 ኪሎ ያህል ቀይና ቢጫ የቀለም ድንጋይ አግኝተዋል፤ ወደ 40 ሺህ ዓመት ያስቆጠረ። ምን እየተሰማቸው እንደፈጩት ማንም ሊነግረን አይችልም። ግን ሰው እዚህ ተራራ ሥር ቀለም ሲነካ ኖሯል።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። መሣሉ ብቻውን አላዳነኝም። ሠላሳኛው ቬንትሌተር ከመጀመሪያው አላቀለለኝም፣ እንዲያውም ብቻዬን ስሆን ያንኑ ጉድጓድ ደግሜ ደግሜ እቆፍር ነበር። ነገሩ የተለወጠው ሌላ ሰው አብሮኝ ሲያየው ነው። መድኃኒትም ወስጃለሁ፣ አላፍርበትም። "ባልኖርስ" የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ደብተር አትፈልጉ፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩና ሆስፒታል ሂዱ። ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና የሥነ አእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ።

ለመጀመር ብዙ ወጪ የለውም። ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተርና ቢክ ይበቃል። ከሰልም ይሆናል። ሃያ ደቂቃ ሣሉና ቀኑን ጻፉበት። እንዲያምር አትድከሙ። ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ አትቸኩሉ፤ ላይክ ሲመጣ ሰው ሳይታወቀው ለላይኩ መሣል ይጀምራል።

የልጃችሁን ወይም የወንድማችሁን እንዲህ ያለ ደብተር ካገኛችሁ ደግሞ "ጎበዝ" አትበሉት። "ይሄ ምን ያስፈራል" ብላችሁም አትሸሽጉት። አጠገቡ ተቀመጡና አንዱን ነገር እያሳያችሁ ጠይቁት፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። እህቴ የጠየቀችኝ ከሆስፒታል ከተመለስን በኋላ ነው። ደብተሯን ከፊት እስከ ኋላ አየችውና "በሩስ የታለ?" አለችኝ። የክፍሌ በር ከአልጋዬ ሁለት እርምጃ ነው። በአንዱም ገጽ ላይ አልነበረም። እናቴ ቡናውን ይዛልን መጣች፣ እዚያው አልጋዬ ላይ ሆነን እስኪመሽ ስለ በሩ አወራን።