ገመድ ያለው «ገመድ አልባ»

ሐዋሳ ፒያሳ ከአንድ ሞባይል ቤት «ገመድ አልባ ቻርጀር» ገዝቼ ገባሁ። እማዬ ካርቶኑን ከፈተችና ሳቀች። «ታዲያ ይሄ ገመድ ምንድን ነው ልጄ?»

እውነቷን ነው፣ ስሙ ያሳስታል። ገመድ የማያስፈልገው በቻርጀሩና በላዩ በሚቀመጠው ስልክ መካከል ብቻ ነው። ቻርጀሩ ራሱ ሶኬት ይፈልጋል። ውስጡ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ፤ የስልኩም ጀርባ እንደዚያው። በታችኛው ሽቦ አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ሲያልፍ፣ ዙሪያው የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። መስኩ የላይኛውን ሽቦ ሲያገኝ እዚያም ኤሌክትሪክ ያስነሳል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ ይህን ያሳየው በ1831 እ.ኤ.አ. ነው። የሰፈራችን ትራንስፎርመርም የሚሠራው በዚሁ መላ ነው።

ጣጣው ርቀቱ ነው፤ የሚሠራው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን ነው። ከቨሩ ከወፈረ ወይም ስልኩ ከመሃል ከተንሸራተተ በደንብ አይሞላም፣ አንዳንዴም ጭራሽ እምቢ ይላል። ሳንቲም ወይም ቁልፍ መሃል ከገባ ደግሞ ሊግል ይችላል፣ አደራ! ከኃይሉ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ስለሚባክን፣ መብራት ሊጠፋ ነው ሲባል እኔ ወደ ገመዱ ነው የምሮጠው።

የጎረቤት ልጅ «ዋይፋዩ አጠገብ ባስቀምጠውስ?» አለኝ። አይሞላም። የራውተር ሞገድ የሚሸከመው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁ «ቺ» (Qi) የሚባለውን የገመድ አልባ ቻርጅ ደረጃ መቀበሉን ጠይቁ።