አሮጌ የማዕድንና የድንጋይ ማፈንጃ መሣሪያዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሮጌ የማዕድን ቁፋሮና የፍንዳታ መሣሪያዎች ከአናጺና ከግንበኛ ዕቃ ጋር ተቀላቅለው ስለሚገኙ በተሳሳተ ስም ሲጠሩ ይኖራሉ። የሚያሳስተው ጠቅላላ ቅርጻቸው ነው። ማንነታቸው የሚታወቀው ድንጋዩን፣ ባሩዱን ወይም ሽቦውን ከሚነካው ጫፍ ነው።

«ይሄ ተራ ፒንሳ ነው»

መጀመሪያ እጀታዎቹን ይመልከቱ። አንዱ ጫፍ እንደ ወስፌ የሾለ፣ ሌላው እንደ ካቻቪቴ የተጠፈጠፈ ከሆነ በእጅዎ ያለው የዲቶኔተር መቆንጠጫ ነው። ዲቶኔተር ድማሚቱን የሚያስነሳ፣ አንድ ጫፉ ክፍት የሆነ ትንሽ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ ነው። በክፍቱ ጫፍ የሚቀጣጠለው ገመድ (ፊውዙ) ከገባ በኋላ የቱቦው አፍ በመቆንጠጫው ዙሪያውን ይጨመቃል። ሹሉ እጀታ የድማሚቱን ጥቅል ለመብሳት፣ ጠፍጣፋው ብሎን ለመፍታትና ለመሰል ሥራ ያገለግል ነበር።

ከዚያ መንጋጋውን ይዝጉ። የተራ ፒንሳ መንጋጋ ጥርስ አለው፣ ሲዘጋም ይገጥማል። የመቆንጠጫው ግን ሲዘጋ ክብ ቀዳዳ ይተዋል፤ ቱቦው መጥበቅ እንጂ መጨፍለቅ ስለሌለበት ነው። ከጎኑ ፊውዙን የሚቆርጥ ስለት ይኖረዋል። የእጀታው ሹል ተሰብሮ ወይም ተሞርዶ ቢገኝ እንኳ ቀዳዳውና ስለቱ ለመለየት ይበቃሉ።

«የፍንዳታ መሣሪያ ሁሉ መዳብ ነው፤ ማግኔት ከሳበው አይደለም»

በጣም የተስፋፋ ስህተት ነው። ብዙ መቆንጠጫዎች ኒኬል የተለበጠ አረብ ብረት ስለሆኑ ማግኔት ይይዛቸዋል። ባሩድ መጠቅጠቂያ ዘንግም ቢሆን ሁልጊዜ መዳብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1848 በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት የባቡር መንገድ ሲሠራ በፊኒያስ ጌጅ ጭንቅላት ውስጥ አልፎ የወጣው መጠቅጠቂያ ሙሉ በሙሉ ብረት ነበር፦ ርዝመቱ 1.1 ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 6 ኪሎ ግራም ገደማ። ብረት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ብልጭታ ስለሚያወጣ ነው በኋላ እንጨት፣ መዳብና ጫፉ መዳብ የለበሰ ዘንግ የተለመደው።

መዳብ በብዛት የሚገኘው በመርፌው ላይ ነው። ይህ ረጅም፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ራሱ ላይ ቀለበት ያለው ዘንግ ነው። ባሩዱ ውስጥ ተሰክቶ ዙሪያው በአፈር ወይም በሸክላ ይጠቀጠቅና ሲነቀል እሳት የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ ይተዋል። ቀለበቱ ለመንቀያ ነው። ብዙ ሰው የሥጋ መጥበሻ ዘንግ ይለዋል። ዊልያም ቢክፎርድ እ.ኤ.አ. በ1831 በኮርንዋል የሠራው ፊውዝ ሲስፋፋ መርፌው ቀስ በቀስ ከሥራ ወጣ።

«ይሄ የግንበኛ መሮ ነው»

የማዕድን መሰርሰሪያ ብረት ዘንጉ ብዙውን ጊዜ ባለ ስምንት ጎን ነው፤ ስለቱ ደግሞ ከዘንጉ ሰፋ ይላል። ስለቱ ከዘንጉ ካልሰፋ ብረቱ ቀዳዳው ውስጥ ይነክስና አይዞርም። ሠራተኛው በእያንዳንዱ ምት መካከል ብረቱን ትንሽ ያዞረዋል፤ ቀዳዳው ክብ የሚሆነው በዚህ ነው።

አንድ ላይ የተገኙ ብረቶች የስለታቸው ስፋት ቢለያይ የተደባለቁ አይደሉም፤ እንዲያውም አንድ ስብስብ ለመሆናቸው ጥሩ ምልክት ነው። መጀመሪያ የሚገባው አጭርና ሰፊ ነው፤ ቀጣዮቹ እየረዘሙ ስለታቸው እየጠበበ ይሄዳል። ስለቱ ሲሠራ ስለሚበላ ቀዳዳው ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳልና ቀጣዩ ብረት እንዳይነክስ ጠበብ ማለት አለበት።

በእጅ መዶሻ የተመታ ብረት ራሱ ተደፍጥጦ ጠርዙ ወደ ውጭ ይገለበጣል። መሐሉ ለውሃ ወይም ለአየር የተበሳና አንገቱ ላይ ቀለበት መሰል እብጠት ያለው ከሆነ ግን የማሽን ነው። የግንበኛው አጭር ባለ አራት ክንፍ መሰርሰሪያም ከዚህ ጋር ይምታታል፤ እሱ ጫፉ ሲታይ የመስቀል ቅርጽ አለው።

«ካርባይድ መብራት ሁሉ የማዕድን ነው»

ካርባይድ ውሃ ሲነካው የሚወጣውን ጋዝ የሚያነድ መብራት ነው፤ የብስክሌትና የመኪናም ነበረ። የማዕድኑ የራስ መብራት ትንሽ ነው፤ ጀርባው ላይ ኮፍያ የሚይዝ መንጠቆ አለው፤ ነበልባሉም በክፍት አንጸባራቂ ፊት ያለ መስታወት ይነዳል። ክፍት ነበልባል ስለሆነ ተቀጣጣይ ጋዝ ላለበት የከሰል ማዕድን የሚሆን መብራት አይደለም። ለዚያ የተሠራው በሽቦ ወንፊት የታጠረው፣ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1815 ከሠራው ጀምሮ የሚታወቀው ነው።

«የተቀረጸው ዓመት የተሠራበት ነው»

አይደለም። ብዙውን ጊዜ የፈጠራ መብት የተሰጠበት ነው፤ ዕቃው ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። የድርጅት ስምም እንደዚሁ ነው። ዱፖንት፣ ሄርኩለስ ወይም አትላስ የሚል መቆንጠጫ የፈንጂ ሻጩን እንጂ ቀጥቅጦ የሠራውን ላይናገር ይችላል። ሄርኩለስና አትላስ እ.ኤ.አ. በ1912 ከዱፖንት በፍርድ ቤት ውሳኔ የተለዩ ድርጅቶች ቢሆኑም ስሞቹ ከዚያ በፊትም የድማሚት መጠሪያ ነበሩ፤ ስለዚህ ስሙ ብቻውን ዘመን አይወስንም።

«ባለ እጀታው ሣጥን ውስጥ ፈንጂ አለ»

የለም። ኤሌክትሪክ አመንጭቶ በሽቦ ዲቶኔተር የሚያስነሳ ዲናሞ ነው። የሚዞር እጀታ ባለው ዓይነት ላይ 10 የሚል ቁጥር ካዩ በአንድ ጊዜ የሚያስነሳው የዲቶኔተር ብዛት ነው።

«አርጅቷል፣ አይፈነዳም»

አደገኛው አመለካከት ይሄ ነው። መሣሪያው ራሱ አይጎዳም፤ አብሮት በሣጥን የሚመጣው ግን ይጎዳል። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ አንድ ጫፉ ክፍት ወይም ሁለት ሽቦ የወጣበት የብረት ቱቦ ካዩ ዲቶኔተር አድርገው ይቁጠሩት። ድማሚት የነበረበት ሣጥን ላይ የዘይት መሰል እድፍ ደግሞ ናይትሮግሊሰሪን (ድማሚት ውስጥ ያለው ፈንጂ ፈሳሽ) ሊሆን ይችላል። አያንቀሳቅሱ፣ አያናውጡ፣ ክዳን አይክፈቱ፣ በውሃ አይጠቡት፣ በማግኔትም አይሞክሩት። ባለበት ትተው ሰው አርቁና ለፖሊስ ይደውሉ።