ከወና ቤት ሥር ስለሚፈለገው ገንዘብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በጎጃም ወረዳዎች በቅርስ ባለሙያነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት «ይህ ብር የ1780 ነው፤ ስንት ሚሊዮን ያወጣል?» የሚለውን ጥያቄ ያህል ያሰለቸኝ የለም። ቀድሞ ይህን የሚጠይቁኝ ከአያቶቻቸው አንድ ሁለት ጠገራ (የድሮ የብር ገንዘብ) የወረሱ ሰዎች ነበሩ። አሁን ግን ጥያቄው ዲቴክተር ተሸክሞ ይመጣል፤ ወርቅ ለመፈለግ ማሽን የገዙ ወጣቶች በየቀበሌው ወና ቤት እየዞሩ የፈረሰውን መደብና ምድጃ ይቆፍራሉ። የሚያስቆፍራቸው ተስፋ የቆመባቸው እምነቶች አብዛኞቹ ስሕተት ስለሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል የምመልሰውን እዚህ ላይ በአንድነት ለመጻፍ ወስኛለሁ።

ከዋናው እጀምራለሁ። ማርትሬዛ ወይም ጠገራ የምንለው ብር በአንድ ገጹ ራሷን የተከናነበች ንግሥት፣ በሌላው ገጹ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለበት፤ ከንስሩ ዙሪያም 1780 የሚል ዓመት ተቀርጿል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ያነበዋል። እውነታው ግን የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ከሞተች በኋላም ብሩ ያንኑ ዓመትና ያንኑ መልክ እንደያዘ መታተሙን አለማቋረጡ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በቀይ ባሕር ዙሪያ ያሉ ነጋዴዎች የለመዱትን መልክ ካላዩ በስተቀር ገንዘቡን አንቀበልም ይሉ ነበር። ስለዚህ የቪየና ማተሚያ ያንኑ ቅርጽ ሲያትም ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1935 የኢጣልያ መንግሥት ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ የማተሚያውን መብት ወስዶ በሮም ያሳትም ጀመር፤ ብዙ ሳይቆይ ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ፣ በኋላም ቦምቤይ ያንኑ ብር አትመዋል። ቪየና ዛሬም ቢሆን 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ታትማለች። እንግዲህ በደብረ ማርቆስ ገበያ በእጅዎ የገባው ጠገራ በ1928 ዓ.ም. ገደማ ሮም ውስጥ፣ ወይም በ1933 ዓ.ም. ገደማ ቦምቤይ ውስጥ የተመታ ሊሆን ይችላል። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አንድ ዓይነት ዓመት ተሸክሞ በዓለም ላይ ተበትኖ ሳለ፣ ዓመቱን ብቻ ዓይቶ ብርቅ ነው ማለት አይቻልም።

ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ስለሆነ በውስጡ ያለው የብር ማዕድን 23 ግራም ገደማ ነው። የአብዛኞቹ ጠገራዎች ዋጋ ከዚህ ማዕድን ዋጋ ብዙም አይርቅም። በጣም ቀደምት የሆኑትንና ብርቅ የሚባሉትን ለመለየት ጠበብቶች የሚያዩት የፊደላቱን አቀማመጥ፣ የንስሩን ጅራት ላባ፣ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥና የመሳሰለውን ጥቃቅን ልዩነት ነው፤ ይህም የዓይን ልምድ ይጠይቃል እንጂ በስልክ በተላከ ደብዛዛ ፎቶግራፍ አይወሰንም። አባቶቻችን ግን እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለዩበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው፤ በትከሻ ጌጡ ላይ ያሉትን ዘጠኝ እንክብሎች ይቆጥሩ፣ በጠርዙ ዙሪያ ያለውን ጎልቶ የወጣ ጽሑፍም በጣት ይዳስሱ ነበር። በአፈር ቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የተሠራ ሐሰተኛ ብር ጠርዙ ላይ ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም ጭራሽ የሌለ ስለሚሆን ይህ ምርመራ ዛሬም ያገለግላል።

ይህ ጉዳይ የሚያንገበግበኝ በሰው ላይ ጉዳት ሲያደርስ ስላየሁ ነው። አንድ የማውቀው ወጣት ከአያቱ የወረሳቸውን ጥቂት ጠገራዎች ይዞ በአንድ ደላላ ምክር አዲስ አበባ ወረደ። ደላላው «የ1780 ስለሆነ የውጭ አገር ገዥ አለ» ብሎት ነበር፤ ከዚያ «ለምርመራ»፣ ቀጥሎም «ለፈቃድ» እያለ ገንዘብ ተቀበለው። ልጁ ለጉዞውና ለክፍያው በሬውን ሸጦ ነበር። ገዥው በጭራሽ አልመጣም፤ ልጁም ወደ አገሩ የተመለሰው ያለ በሬና ያለ ጠገራ ነው። አንድ ሰው ብሩን ከመግዛቱ በፊት እርስዎን ገንዘብ ከጠየቀዎ ገዥ አይደለም፤ ጉዳዩ እዚያው ላይ ይብቃ።

ያው ስሕተት በእኛም ሳንቲም ላይ ይደገማል። ፲፱፻፴፮ የተጻፈባቸው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ያንን ዓመት እንደያዙ ለብዙ ዓመታት ስለታተሙ ቁጥሩ የታተሙበትን ትክክለኛ ጊዜ አይነግረንም። ብርቅም አይደሉም። የዐፄ ምኒልክ መልክ ያለበት ብርና አላድ (ግማሽ ብር) ይበልጥ ትኩረት ይገባዋል፤ ሆኖም እርሱም ቢሆን እንደ ይዞታው እንጂ በስሙ ብቻ አይመዘንም።

«ፈረንጆቹ በየፈረሰው ቤት ሳንቲም ያወጣሉ፤ እኛስ ለምን አናወጣም?» የሚለው አስተሳሰብ ከቪዲዮ የመጣ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣ ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 160 ኤከር መሬት ይሰጥ ነበር፤ እነዚያ ሰፋሪዎች በኪሳቸው ጥቃቅን ሳንቲም ይዘው የሚገበያዩ ስለነበሩ ከኪስ የወደቀው ዛሬ በተተዉት ቤቶች ግቢ ይገኛል። የጎጃም ገበሬ ኑሮ ከዚህ የተለየ ነበር። ከአባይ ማዶ የመጣው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ በባሶ ገበያ ሲለዋወጥ ትልቁ ገንዘብ ጠገራ፣ ጥቃቅኑ ዝርዝር ደግሞ አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከወደቀ ክረምቱ ያሟሟዋል። ጠገራ ደግሞ ከኪስ ሾልኮ የሚጠፋ ገንዘብ አልነበረም፤ ለግብርና ለማጫ ይውላል፣ ወይም አንጥረኛ ያቀልጠውና መስቀልና የአንገት ጌጥ ይሆናል።

ቤቱ ለምን ወና እንደሆነም ማሰብ ይገባል። በዛሬው ጎጃም ከምናያቸው ፍርስራሾች ብዙዎቹ የተተዉት በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ገበሬው ወደ መንደር ተሰብሰብ በተባለበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቱ ቤቱን በራሱ እጅ አፍርሶ ምሰሶውን፣ ማገሩንና ሣሩን ሳይቀር ተሸክሞ ሄዷል። ማገሩን ያልተወ ሰው ጠገራውን ረስቶ ይሄዳል ብሎ ማመን ይከብዳል። በድንገት የተቃጠለ ወይም ባለቤቶቹ በወረርሽኝ ያለቁበት ቤት ሌላ ነገር ነው፤ ግን እንዲህ ያለው ጥቂት ነው።

«ጣሊያን ሲሸሽ ወርቅ ቀብሯል» የሚለውን ደግሞ በየምሽጉ ሥር እሰማዋለሁ። በ1933 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው ዊንጌት የተመራው የጌዴዎን ጦርና አርበኞች ሲገፏቸው የኢጣልያ ወታደሮች ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈጉ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ጦሩ ወደ አባይ ወርዶ ነበር። ያ ሠራዊት ባንዳውንና ቅጥሩን የሚከፍለው በሊሬና በጠገራ ነበር፤ እየሸሸ የሚሄድ ጦር ደግሞ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል እንጂ ጉድጓድ ሲቆፍር አይውልም። በምሽጎቹ ሥር ያለው የጥይት ቀለህ፣ የቆርቆሮ ጣሳና ያልፈነዳ የእጅ ቦምብ ነው። ይህን በጥሞና ያንብቡልኝ፦ የናስ ቀለህ በማሽኑ ጆሮ ላይ የሚሰጠው ድምፅ ከሳንቲም ድምፅ ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ቦምብም በስምንት አሥርት ዓመት ዝገት አይሞትም። በቀድሞ ምሽግ አጠገብ ድምፅ ተሰምቶ ቢሆን እንኳ አይቆፈር፤ ቦታው ለፖሊስ ይነገር።

ስለ ማሽኑ ጥቂት ልጨምር። ዲቴክተር ወርቅን አያሸትም። በጥቅልል ሽቦው ተለዋዋጭ ማግኔታዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል፤ ብረታ ብረት ካለ በውስጡ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ይነሣል፤ ማሽኑ የሚያደምጠው ያ ጅረት የሚመልሰውን መስክ ነው። በዚህም ምክንያት ትንሽ ወርቅና የአሉሚኒየም ቁራጭ ተመሳሳይ ድምፅ ሊሰጡ ይችላሉ፤ አንድ ሳንቲም ደግሞ ከአንድ ስንዝር ብዙም ሳይርቅ ካልተቀበረ አይሰማም። ቀይ አፈራችን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የወጣና ብረት የበዛበት ስለሆነ ርካሹ ማሽን በየእርምጃው ያለ ምክንያት ይጮኻል። መረሬው አፈር በበጋ እየተሰነጠቀ በክረምት እያበጠ ዕቃን ከቦታው ያንቀሳቅሳል። በመቶ ሜትር ርቀት ወርቅ ያሳያል ተብሎ የሚሸጠው ባለ አንቴና መሣሪያ ማታለያ ነው።

የተቀበረ ገንዘብ ጠባቂ አለው፣ ደም ይጠይቃል ይባላል፤ አንድ ቤተሰብ ለዚሁ ጥቁር በግ አርዶ ከጉድጓዱ ያወጣው ገል ብቻ ነበር። የዛገ ብረት ሁሉ ጥንታዊ ነው የሚለውም አይሠራም፤ ማጭድ ከጥቂት ክረምት በኋላ የአክሱም ዘመን ሊመስል ይችላል።

«የአያቴ ወና ስለሆነ የሚገኘው የእኔ ነው» የሚለው ግን ለእስር የሚያበቃ ስሕተት ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን በፍለጋ ማውጣት የሚቻለው በጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ነው። በእርሻ ወይም በግንባታ ላይ ሳለ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅና እስኪረከበው ድረስ ሳያበላሽ መጠበቅ አለበት፤ አዋጁ ላስረከበው ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው ያዛል። በእንግሊዝ አገር ባለ መሬቱን አስፈቅዶ በማሽን መፈለግ መቻሉ፣ በአሜሪካም በግል መሬት ላይ መፈቀዱ እዚህ አይጠቅምም፤ በአሜሪካ ቢሆን እንኳ በፌዴራል መሬት ላይ ጥንታዊ ዕቃ ቆፍሮ መውሰድ ክልክል ነው።

ቁፋሮው የሚያጠፋው ነገር ብዙውን ጊዜ ከሚገኘው ይበልጣል። አንድ ወና ምድጃው የት እንደነበረ፣ ወፍጮው ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆነ፣ የእንስራው ገል ከየትኛው ሸክላ ሠሪ ሰፈር እንደመጣ፣ የብረት አር (ብረት ሲቀልጥ የሚቀረው ዝቃጭ) ካለ ቀጥቃጭ ይኖርበት እንደነበረ ይናገራል። ማሽን የያዘው ወጣት ይህን ሁሉ ወዲያ ወዲህ በትኖ ሲያበቃ አንድ ሳንቲም ይዞ ይመጣል፤ ያ ሳንቲም ከየትኛው ጥግ፣ ከምን ጋር እንደወጣ ስንጠይቀው መልስ የለውም። በሞጣ አቅጣጫ በማረሻ የወጣ አንድ ማሰሮ ጠገራና የብር ጌጥ ነበረበት፤ ወሬው እኔ ዘንድ ሲደርስ ዘመዶች ተከፋፍለውት፣ አብዛኛው ለአንጥረኛ ተሸጦ ቀልጦ ነበር። ማሰሮውም ተሰባብሮ ተጥሏል። የማን ነበር፣ በየትኛው ዘመን ተቀበረ የሚለውን ጥያቄ ሊመልስ የሚችለው ያ ማሰሮና በውስጡ ያሉት ብሮች ስብጥር ነበር።

ስለዚህ በእርሻዎ ላይ አንድ ነገር ከወጣ አይጠቡት፤ በሎሚ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ የታሸ ብር ላዩ ይጫጫራል፣ ለሰብሳቢም ለተመራማሪም ያለው ዋጋ ይቀንሳል። አፈሩ እንዳለ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ወረቀት ይጠቅልሉት፤ በላስቲክ አፍነው አያስቀምጡት፤ እርጥበቱ ይበላዋል። ከማንሣትዎ በፊት በነበረበት ሁኔታ በስልክ ፎቶግራፍ ያንሡት፤ ለመጠን እንዲሆን አጠገቡ ክብሪት ያኑሩ። ማሰሮ ከሆነ አይገልብጡት። ጉድጓዱን ከዚህ በላይ አያስፉ። ከዚያም በአንድ ወረቀት ላይ የቀበሌውን ስም፣ የእርሻውን አካባቢ ከታወቀ ምልክት አንጻር፣ የወጣበትን ጥልቀት በስንዝር፣ አብረውት የነበሩትን ገልና አጥንት፣ የተገኘበትን ቀን ጽፈው ከዕቃው ጋር ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያስረክቡ፤ የርክክብ ደረሰኝም ሳይቀበሉ አይውጡ።