«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ የተረሳችው ዶሮ

ይህ አባባል ዛሬ ዛሬ ሥራው ማባበል ሆኗል። መስከረም ሲጠባ መጽሐፍ ገዝቶ፣ ሁለት ገጽ አንብቦ የተወ ሰው ጥር ላይ ሲጠየቅ «ምን ችግር አለ፣ ቀስ በቀስ…» ይላል። የተጓተተ መንገድም፣ ያልተጀመረ ትምህርትም፣ ያልተመለሰ ብድርም በዚሁ ይሸፈናል። አባባሉን ያወጡት ሰዎች ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ እንቁላል ምን እንደሚሆን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ይገማል። እግር የሚያወጣው ሃያ አንድ ቀን የታቀፉት እንቁላል ነው። እናም የአባባሉ ፍሬ ያለው ዶሮ የማስታቀፍ ሥራ ውስጥ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ዶሮዋ ሳትታቀፍ ነው። በቅድሚያ አውራ ዶሮ ካለበት ግቢ የተገኘ እንቁላል ይለያል፤ አውራ ያላገኛት ዶሮ የጣለችው ለመብል እንጂ ለጫጩት አይሆንም። ያልተሰነጠቀ፣ እጅግ ያልተለቀ፣ እጅግም ያላነሰ ይመረጣል። ቢቆሽሽ እንኳ አይታጠብም፤ ቅርፊቱን የሸፈነው ስስ ነገር በውሃ ሲለቅ ጀርም ወደ ውስጥ መግቢያ ያገኛል። ቁጥሩ እስኪሞላ ድረስ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ተደርጎ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ጤፍ ወይም ገብስ ውስጥ፣ ይቆያል። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ሲያልፈው ግን የመፈልፈል ዕድሉ እየመነመነ ይሄዳል።

ዶሮዋ ጊዜዋ መድረሱን ራሷ ታስታውቃለች። እንቁላል መጣል ታቆማለች፣ ከጎጆዋ አልነሳ ትላለች፣ እጅ ሲቀርባት ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች። ያን ጊዜ ስባሪ ገንቦ ወይም አሮጌ ቅርጫት ጭድ ተጎዝጉዞበት፣ ጨለም ያለና ጭር ያለ ጥግ ይዘጋጅላታል። ከጭዱ ሥር አመድ ይነሰነሳል፤ ቅማል የበላት ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ትነሳለችና። ለሐበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስስት ይዞት 18 ቢያስታቅፋት ክንፏ ሁሉንም አይሸፍንም። እሷ ደግሞ የዳሩን ወደ መሀል፣ የመሀሉን ወደ ዳር በመንቁሯ ስለምታገላብጥ ብርዱ ለሁሉም በየተራ ይደርሳል። የሚጎዱት ትርፎቹ ስድስት ብቻ አይደሉም፤ ሁሉም ናቸው።

በቀን አንዴ ገደማ ትነሳለች። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ በአቧራ ትንከባለላለች፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ትመለሳለች። ጥሬና ውሃ ቅርብ ካልተቀመጠላት ግን ፍለጋ ትርቃለች፤ እንቁላሉም ይቀዘቅዛል። ፅንሱ 37 ዲግሪ አካባቢ ያለ ሙቀት ካላገኘ አያድግም። ሌሊትም ቀንም ደጋግማ ካላገላበጠችው ደግሞ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። በ3ኛው ቀን የፅንሱ ልብ መምታት ጀምሯል፣ ቅርፊቱ ግን በመጀመሪያው ቀን እንደነበረው ነው። በ7ኛው ቀን ማታ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ እንቁላሉን ከባትሪ ፊት ቢይዙት ከአንድ ጥቁር ነጥብ የተዘረጉ ቀያይ ደም ሥሮች ይታያሉ። ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፈው ፅንስ የለውም፤ ተለይቶ ይወጣል። በ21ኛው ቀን ጫጩቱ ቅርፊቱን ራሱ ይሰብራል። ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅበት ይችላል። አዝኖለት ቅርፊቱን የሚልጥለት ሰው ብዙ ጊዜ ይገድለዋል፤ አስኳሉ ገና ወደ ሆዱ ተስቦ አላለቀም፣ የሽፋኑም ደም ሥሮች አልደረቁም። የራሱን ጊዜ ጨርሶ የወጣው ላባው እንደደረቀ በእግሩ ይሄዳል።

ታዲያ አባባሉ ከየት መጣ? ከእርሻው ሳይሆን ከጓዳው የወጣ ይመስለኛል። የገበሬ ቢሆን ስለ ዘር ወይም ስለ ጥማድ በተናገረ ነበር፤ ዶሮና እንቁላል ግን የእናት ሀብት ናቸው። ግምቴን ገፋ ላድርገውና፣ ወቅቱም ሁዳዴ ይመስለኛል። በ55ቱ ቀን እንቁላል አይበላም፣ ይጠራቀማል። ክረምት የሚፈለፈለውን ጫጩት ብርድና ጭቃ ስለሚፈጀው በጋው ለማስታቀፍ ይመቻል። ከየኔታ ዘንድ የሚመለሰው ልጅ ዶሮዋን ጥጓ ላይ እንደተኛች ያያታል። «ዳዊት የምደግመው መቼ ነው?» ብሎ ላዘነ ልጅ እናቱ ከዚያ እንቁላል የተሻለ ምን ትጠቁመዋለች?

የልጁ ትምህርትም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። ፊደል ከለየ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን በቁጥር፣ ማለትም እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየነካ፣ ያነባል። ያንኑ ገጽ መልሶ ደረጃ በደረጃ በሚከተሉት የንባብ ስልቶች፣ በግዕዝ ንባብ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይወጣዋል። ዳዊት የደረሰ ሰው ደግሞ 150ውን መዝሙር ለሳምንቱ አከፋፍሎ ይደግማል፤ ሰኞ 30፣ ማክሰኞ 30፣ ረቡዕ 20፣ ሐሙስ 30፣ ዓርብ 20፣ ቅዳሜ 20፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና የሰሎሞን መኃልይ ነው። ዳዊት ደጋሚ «ዛሬ ስሜቱ የለኝም» ብሎ አያስብም፤ ዕለቱ ራሱ የሚነበበውን ወስኖለታል። ለማንበብ መነሳሳት አጣሁ ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ምክር አላውቅም።

በዛሬ ኑሮ እንዲህ ይሠራል። መጀመሪያ አንድ ልማድ ብቻ ይያዙ፤ ንባብን፣ ስፖርትን፣ ቋንቋንና ቁጠባን በአንድ ሳምንት የጀመረ ሰው 18 እንቁላል ያስታቀፈ ነው። በቀን 10 ገጽ ይበቃል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው። 300 ገጽ መጽሐፍ በ30 ቀን ያልቃል፣ በዓመት ጳጉሜን ሳይቆጠር 12 መጽሐፍ ይሆናል። ሰዓቱን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር ማሰር ነው፤ ቡና የሚፈላበት ቤት ከሆነ ከአቦል ጋር፣ መጽሐፉ ከረከቦቱ አጠገብ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል። አንድ ቀን ቢያመልጥ በማግስቱ 10 ገጽ እንጂ 20 አይነበብም፤ ዕዳው ሲከመር ነው ሰው የሚተወው። በ7ኛው ቀን መጽሐፉን ዘግተው ያነበቡትን በሦስት መስመር ይጻፉት። አንድም ነገር ካልመጣ መጽሐፉን መቀየር ነውር የለውም። በሁለተኛው ሳምንት «ምንም አልተለወጥኩም» ማለት ይመጣል፤ ያኔ የሚያስፈልገው መቀጠል ነው፣ ለውጡ ገና ከውጭ አይታይምና።

አባባሉን ልንል የሚገባንም ለዚህ ሰው ነው፤ ጀምሮ፣ በየቀኑ ተቀምጦ፣ ውጤቱ ገና ስላልታየው ለተጨነቀ። ያልጀመረ ሰው «ነገ እጀምራለሁ» ይበል፣ ሥራው የቆመ መሥሪያ ቤትም «ሥራው ቆሟል» ይበለን፤ እውነቱን መናገር እየተቻለ ሃያ አንድ ቀን ሳትሰለች የታቀፈችውን ዶሮ ለስንፍና ምስክር መጥራት ተገቢ አይደለም።